ከዘጠነኛ «ለ» አንድ ቀሪ

እናንተ ብትሆኑ ስሙን ትጽፉት ነበር? ቶሎ ብላችሁ «በጭራሽ!» አትበሉ። እስክሪብቶም ብትጠየቅ ኖሮ እንደዚያ ነበር የምትለው።

እስክሪብቶ የዘጠነኛ «ለ» አለቃ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ከኋላዋ የሚቀመጠው ሬዲዮ ነው፤ ጆሮዋ ላይ የምትሰካት ሰማያዊ እስክሪብቶ አትለያትም። እሱን ደግሞ ሬዲዮ ያሉት አፉ ስለማያርፍ ነው። አለቃ ከሆነችበት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ከምትጽፈው የረባሾች ዝርዝር አናት ጠፍቶ አያውቅም። «እኔ እኮ አንደኛ የምወጣው አንቺ ወረቀት ላይ ብቻ ነው» ይላታል። ቅጣቱ ግቢ መጥረግ ነው። እሱ ሲጠርግ አንዳንዴ ቆሻሻ ማፈሻውን የምትይዝለት ራሷ ናት።

ሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ምክትል ዳይሬክተሩ ገብተው የፕሬዚዳንቱን ሞት ተናገሩ። ሁሉም ለህሊና ጸሎት ተነሳ። «የሁላችንም አባት የነበሩት ታላቁ መሪያችን…» ብለው ሳይጨርሱ ሬዲዮ ሳቀ። አንዴ ብቻ። አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። ሁለት ልጆች አፋቸውን ይዘው ቆይተው ነበር፤ እሱን ሲሰሙ ሳቁ አመለጣቸው።

ፊት ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። አባቷ ሁለት እግሩን ያጣው ጦር ሜዳ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሰጡትና በገዛ እጃቸው እየገፉ በር ድረስ የሸኙት እኚሁ ፕሬዚዳንት ናቸው። የሬዲዮ ታላቅ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት ሰልፍ እንደወጣ ቀርቷል። በቴሌቪዥን ቀርበው «አንድ በአንድ ልቀሟቸው» ያሉትም እኚሁ ፕሬዚዳንት ናቸው። እንግዲህ ልጅቷ አስመሳይ ናት፣ ልጁም ባለጌ ነው የሚል ካለ ይምጣና ፊታቸው ቆሞ ይንገራቸው!

እስክሪብቶ ይህን ሁሉ አላሰበችም። ክፍል ሲረበሽ እጇ ሳይታዘዝ ይጽፋል። ሦስት ስም ከነአባት ጻፈች፤ ሬዲዮ እንደተለመደው አንደኛ። ሌላ ጊዜ ወረቀቱ እስከ ዓርብ ደብተሯ ውስጥ ይከርማል። የዚያን ቀን ግን ምክትል ዳይሬክተሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው።»

ሰጠቻቸው።

ከምሳ በኋላ ታርጋ የሌለው ነጭ መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሦስቱም በስማቸው ተጠርተው ወጡ። ሁለቱ በማግስቱ ዓይናቸውን መሬት ተክለው ተመለሱ።

«እሱስ?» አለቻቸው።

«ባክሽ ተይን፣ እስክሪብቶ! እኛ ይቅርታ ጽፈን ፈረምን።»

«እሱስ አልኩ?»

አንደኛው ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «‹ወንድሜ የት እንዳለ ንገሩኝና እፈርማለሁ› አላቸው። ከዚያ ወዲያ አላየነውም።»

የእስክሪብቶ አባት ፀጉር አስተካካይ ነው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ልማዷ ሱቅ ገብታ መጥረጊያውን አነሳች። ከመስታወቱ በላይ ያለው የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ጥቁር ጨርቅ ዞሮበታል። ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ «አገር ወላጅ አልባ ሆነች» እያሉ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም። አባቷ ለሁሉም «እንዴታ» ይላል። ከሰኞ ወዲህ ከአፉ የወጣው ይኸው አንድ ቃል ነው።

የሬዲዮ እናት ገቡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውረድ እንኳ ረስተዋል።

«ልጄ፣ አለቃቸው አንቺ አይደለሽ? ሦስት ጣቢያ ዞርኩ። እኛ ጋ የለም ነው መልሳቸው። ትምህርት ቤት ስጠይቅ ደግሞ ሰኞ ጭራሽ አልመጣም አሉኝ። እንዴት አልመጣም? ሸሚዙን ተኩሼ ያለበስኩት እኔ! መጥቶ ነበር፣ አይደል?»

አባቷ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ምላጩ ደንበኛው ጉንጭ አጠገብ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እኔ… አላስተዋልኩም፣ እትዬ» አለች።

ሴትየዋ ሜትሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አይታወቅም። ወጡ።

ደንበኞቹ ሲሄዱ አባቷ በሩን ገርበብ አደረገ። «ደግ አደረግሽ።»

«አባዬ፣ ስሙን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እሽ! ጮክ አትበይ።»

«ስጽፈውማ ድምፅ አላሰማሁም።»

አባቷ ንጹሕ የሆነውን ምላጭ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ዓርብ የፕሬዚዳንቱ ቀብር ቀን ነበር። በሰንደቅ ዓላማው ሥር በሚደረገው የሐዘን ሰልፍ ላይ እያንዳንዱ አለቃ በማይክሮፎን የክፍሉን ተማሪ ቁጥር ሊያሰማ ነው። ምክትል ዳይሬክተሩ አስቀድመው ቢሮ አስጠሯት።

«‹ከዘጠነኛ ለ አርባ ስድስት ተማሪ፣ ሁሉም ተገኝተዋል› ትያለሽ።»

«እኛ እኮ አርባ ሰባት ነን፣ ቲቸር።»

«አርባ ስድስት!» ስም መጥሪያውን አዙረው አሳዩዋት። የሬዲዮ ስም በነበረበት መስመር ላይ ነጭ የስህተት ማጥፊያ ፍሉድ ተቀብቷል። ሽታው ገና አለ።

እስክሪብቶ ነጩን መስመር በጣቷ ነካችው። ሻካራ ነው። «ገባኝ» አለች።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች።

«ከዘጠነኛ ‹ለ› አርባ ሰባት ተማሪ» አለች። «የተገኙ አርባ ስድስት። ቀሪ አንድ።»

ከሰልፉ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ሰኞ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ አየቻት።

«ሬዲዮ ሰኞ መጥቶ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሶ ነበር። ሲስቅ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእናቱም ዋሽቻለሁ። ወረቀቱን ግን፣ ቲቸር፣ በእጄ የሰጠሁት ለእርስዎ ነው።»

ምክትል ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ያው የሰኞው እጅ ነው።

«አምጪው! ቢሮ እንነጋገራለን።»

አልሰጠችም። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቢሮ አልገባም። ወረቀቱን እርስዎ ለማን ሰጡት? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ።»