አባቷ ያልሰማው ቀልድ

«ይቺ ናት ልጄ! እያት፣ እያት!»

ታሂር ስልኩን ከደንበኛው አፍንጫ ሥር ደቅኖ ይስቃል። ደንበኛው ማሽላ ሊገዛ ከሮቢት የመጣ ሰው ነው፤ ባዶ ጆንያውን መሬት ጥሎ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቃል። ታሂርም ሰውዬውን እያየ አብሮት ይስቃል። ሰውዬው ሲያቆም እሱም ያቆማል።

ጀዊሪያ ከመደብሩ ጥግ ቆማ ይህን ታያለች። አባቷ ቪዲዮውን ቢያንስ ሃያ ጊዜ አይቶታል። አንድም ቃል ግን አልሰማም።

ጦርነቱ ቆቦ የደረሰ ጊዜ ከቤታቸው ጀርባ የከባድ መሣሪያ ተተኳሽ ፈንድቶ ነበር። ሁሉም ተረፉ። የታሂር ቀኝ ጆሮ ግን ጭራሽ፣ ግራው ደግሞ በግማሽ ተደፈነ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የሰውን ከንፈር እያየ፣ ይጠይቁኛል ብሎ ለገመተው ነገር ይመልሳል። ቤተሰቡም እንዳላወቀ ሆኖ ያልፈዋል።

ጀዊሪያ በትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ የተጫወተችው ይህንኑ ነበር። ስም አልጠራችም፤ አንድ የእህል ነጋዴ ነው። ገዢው «ኪሎው ስንት ነው?» ሲለው፣ ነጋዴው «ሰባት ናቸው፤ ትልቋ አግብታለች!» ይላል። «ኧረ ቀንስልኝ!» ሲለው ደግሞ «አላህ ይስጥልኝ፣ አሁን ነው የበላሁት!» ይላል። ጓደኛዋ ፈሪሀ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ከዚያም ሳታማክራት ለአገር አቀፉ የተስፈኛ ወጣት ኮሜዲያን ሽልማት ላከችው። ከመላ አገሪቱ አሥር ሰው ለመጨረሻው ዙር ሲመረጥ፣ ከራያ የተጠራችው ጀዊሪያ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያውን ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ቲቸር ዋሲሁን ቅጹን ሲሰጣትና ደንቡን ሲያነብላት ደስታው በኖ ጠፋ። ውድድሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። የሚቀርበው የተመረጠው ሥራ ራሱ ነው። ተወዳዳሪዋ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ ደግሞ ወላጅ ፈርሞ አብሯት አዲስ አበባ ይሄዳል። ቤተሰብ የሚቀመጠው ከፊት ነው። አዳራሹ በአባቷ ሲስቅ፣ እሱም የሰው ፊት እያየ አብሮ ሲስቅ፣ ካሜራ ሲቀርበው ታያት።

«ምን ሆነሽ ነው አቦ?» አለቻት ፈሪሀ። «ቀወጥሽው እኮ! ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ‹ሰባት ናቸው› እያሉ ነው የሚጠሩሽ።»

«ነጋዴው አባቴ መሆኑን ያውቃሉ?»

«የማያውቅ አለ እንዴ? እሱ ራሱ ይስቃል አይደል?»

«አይሰማም እኮ፣ ፈሪሀ።»



ጀዊሪያ አልሄድም ብትል አባቷ ለምን ይላታል። ብትሄድ ደግሞ አባቷ የሚቀመጥበት ያ የፊት ወንበር አለ። ቅጹ ሳይፈረም አራት ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ከረመ። ታሂር ግን ኮቱን አስተኩሷል፤ ዋጃ ላለች እህቱ ደውሎ፣ የምትለው ሳይሰማው፣ «በቴሌቪዥን ጠብቂን!» እያለ ጮኾባታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገበያው ጋብ ሲል በርጩማዋን በግራ ጎኑ አስጠግታ ተቀመጠች። አፏን ወደ ጆሮው አቀረበች።

«አባ፣ ቪዲዮው ላይ የምለውን ሰምተኸዋል?»

«እንዴታ! ያስቃል፣ ማሻአላህ!»

«የቱ ጋ ነው የሚያስቀው?»

ጤፉን የሚዝቅበት እጁ ቆመ። ዞሮ አያት። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ ሚዛኑ አየ።

«በይ ንገሪኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ነገረችው። ጮክ ብላ፣ ሁለቱንም ሰው ሆና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መንገደኛ ቆም ብሎ አይቷቸው አለፈ። ታሂር አንዴም አልሳቀም።

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አለ ስትጨርስ።

«አዎ፣ አባ። አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በለኝ።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል?»

አንገቷን ደፋች።

«‹አሁን ነው የበላሁት› አላልኩም» አለ ታሂር በመጨረሻ። «ሰኞ ነበር፤ ሰኞ እጾማለሁ። ‹ጾመኛ ነኝ› ነው ያልኩት።»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገባት። እጁን ሲዘረጋላት ቅጹን አወጣች። ሳያነብ፣ እሷንም ሳያያት ፈረመ። «አገር ይጠብቅሻል» አለ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዘጋው፤ ቀኑን ሙሉ ለማንም አላሳየም። አንዲት ሴት መጥታ ዋጋ ስትጠይቀው እንደ ወትሮው ለመመለስ አፉን ከፈተና ተወው። ለሴትዮዋ ዋጋውን እስክትነግርለት ድረስ ጀዊሪያን አያት።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር ዋሲሁን ቅጹን ተቀብሎ አገላበጠ። «የሚቀርበው ሥራ» ከሚለው ሥር የተጻፈው ተሰርዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንን አላቀርብም፣ ቲቸር። ሌላ እየጻፍኩ ነው። ስለ ራሴ።»

«ደንቡን አንብቤልሻለሁ። ሊያስወጡሽ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ እኮ ፈቅዷል። ይኸው ፊርማው!»

«ፈርሟል» አለች ጀዊሪያ። «አልፈቀደም።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ዕድል አግኝቶ እንደማያውቅ፣ ሌላ ዓመት ላይመጣ እንደሚችል ነገራት። እሷም ሳታቋርጠው አዳመጠችው። ሲታክተው የውድድሩን አዘጋጆች ቁጥር መትቶ ስልኩን አቀበላት።

«እንግዲያው ራስሽ ንገሪያቸው።»

ስልኩን ይዛ ከቢሮው ወጣች። ፀሐዩ ከወዲሁ ይፋጃል፤ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

«ጀዊሪያ ታሂር እባላለሁ» አለች፣ «ከቆቦ ነው የምደውለው። የላክነውን ሥራ አላቀርበውም።»