ድምፁን የሰማና ቃሉን የሰማ

መምህሩ በማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለችው፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ባላት ጠባብ ክፍል፣ ግንባሩን በማረሚያ ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የወረቀት መጫኛ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ረፋድ ላይ ነበር።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ሦስት ሰዎች በዓይናቸው ሲበላሉ አገኘች፦ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙ ሰባኪውና የማተሚያ ቤቱ ባለቤት።

«ገዳዩ ይኸው!» አለ ሰባኪው ወደ አታሚው እየጠቆመ። «መጀመሪያ የወንድሜን ጩኸት ‹ሰምቻለሁ› አለ፤ ሲጠየቅ ‹አልሰማሁም› አለ። ባለ ሁለት ምላስ!»

«ሁለቱንም ብያለሁ። ምን ታመጣለህ?» አለ አታሚው ጥርሱን ነክሶ።

መርፌ ወረቀቱን አነበበች። ጳውሎስ በመንገድ ላይ ሲጠራ አብረውት የነበሩት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ስፍራ ድምፁን እንደ ሰሙ፣ በሌላ ስፍራ እንዳልሰሙ ስለ መጻፉ ነበር። ከሥሩ ባለው የመጽሐፉ ሽፋን ናሙና ላይ የሁለቱ ወንድማማቾች ስም ታትሟል፤ የታናሹ በቀይ ተሰርዟል።

«የጠባቸው ምክንያት ይሄው ነው፣» አለች ሚስቲቱ ወደ ሰባኪው እያየች። «ይሄ ሰውዬ ‹አንዱ የጸሐፊ ስህተት ነው› እያለ ሃያ ዓመት ሰብኳል። ባለቤቴ ግን ‹ስህተቱ ያንተ ነው› አለው።»

«ዛሬስ ምን ሰሙ?»

«ኮሪደሩ ላይ መጽሐፍ እየሰፋሁ ነበር። ድምፁን ሰማሁ፤ ተቆጥቷል። ቃሉን ግን የማተሚያው ማሽን ዋጠው። ከጠዋት ጀምሮ እሱ ሞቶ እስኪገኝ አንዴም አልቆመም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ መንገዱ ዳር፣ በሩ ላይ ነበርኩ፣» አለ ሰባኪው። «‹ስምህ በመጽሐፌ ላይ አይወጣም› ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። የማተሚያ ቤቱን ስም ማለቱ ነው። ይሄ ቂመኛ ለዚያ ነው የገደለው!»

መርፌ ማሽኑን አስነሳች። አንድ ፖሊስ ጀርባው ክፍል ገብቶ እንዲጮህ አዘዘች፤ ሌሎቹን ሰባኪው ቆምኩ ባለበት በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ምን አለ?» ስትል ሰባኪውን ጠየቀችው።

«ድምፅ ይሰማል... ቃሉ አይለይም።»

ማሽኑን አስጠፋች። «ሟቹ የጻፈውም ይህንኑ ነው። እናት ‹ልጄ አልሰማኝ አለ› ስትል ደንቁሯል ማለቷ አይደለም። የጳውሎስ መንገደኞች ድምፁን ሰሙ፣ ቃሉን አልሰሙም። አታሚውና ሚስቲቱም እንደዚያው፤ አልዋሹም። ከዚህ በር ቃል አይሰማም። ቃሉን የሰማ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ የተሰረዘውም የእርስዎ እንጂ የማተሚያ ቤቱ ስም አይደለም። በጓሮ በር ገቡ፤ ‹ስምህ አይወጣም› የተባሉት እርስዎ ነዎት፤ መቱት።»

«ሃያ ዓመት!» ብሎ ጮኸ ሰባኪው። «ሃያ ዓመት የሰበክሁትን በአንድ ገጽ ሊያዋርድብኝ!»

ፖሊሱ እጁን ሲያስር ሚስቲቱ መንገዱን ዘጋችበት። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። «የመጨረሻ ቃሉን የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። እሱን ንገረኝና ጥፋ ከፊቴ።»

ሰባኪው ዓይኑን ሰበረ። «ከመታሁት በኋላ... ‹ወንድሜ› ነው ያለኝ።»