ስታለቅስ ነው የምቀበላት

ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ አቁሙ። ለማሳመን ጊዜ የለኝም። ያየሁትን አይቻለሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ቤቷ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት።

ሞግዚቷ ቤት...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጄ ሚጢ የስድስት ወር ልጅ ሳለች ማሽኑ ሥር ካርቶን ውስጥ አስተኝቻት ነበር የምሠራው። አንድ ቀን አለቃዬ ካርቶኑን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ይሄ ስፌት ቤት ነው ወይስ ማዋለጃ?"

"ማዋለጃ ቢሆን አንተን ወደ መጣህበት ይመልሱህ ነበር" አልኩት... በሆዴ። አፌንማ ለደመወዜ ስል ዘጋሁት።

"ከነገ ጀምሮ ወይ እሷ፣ ወይ አንቺ" ብሎኝ ሄደ።

የሕፃናት ማቆያ የተባለውን ሁሉ ዞርኩ። የሚሻለው ሁሉ ክፍያው ከደመወዜ ይበልጣል። ልጄን ለማስጠበቅ ልሥራ፣ ለመሥራት ልጄን ላስጠብቅ... ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! አባትየው? ከተወለደች ጀምሮ ኔትወርክ የለውም።

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ቤቷ ውስጥ ልጅ የምትጠብቀው ሞግዚት የምትጠይቀው ግን የሌሎቹን ሩብ ነበር።

ለምን? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን ስገባ ዘጠኝ ሕፃናት ፍራሽ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ነቅተዋል። ሁሉም ጣሪያውን ያያሉ።

አንዱም ድምፅ አያሰማም...

"እትዬ፣ እንዴት እንዲህ ዝም አሉልሽ?"

"ለምደውኝ ነዋ።"

ሚጢን ላቀብላት ስል እጇን ሰበሰበች።

"አላለቀሰችም" አለች።

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"ስታለቅስ ነው የምቀበላት። ለቅሶዋን እዚህ ትጨርሰው። ለቤት አይተርፍሽም።"

አንድ ጠዋት ሚጢ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት ደረስን። ሞግዚቷ ቃል ሳትተነፍስ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ልጄ ስትጮህ ነጥቃኝ ገባች።

"ምን አባሽ ነው የምትሠሪው?!"

"ካልጣመሽ ውድ ቦታ ውሰጃት!"

በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሥራ ገባሁ።

እውነትም ለቤት አልተረፈኝም። ማታ ፀጥ። ከአልጋ ስትወድቅ ፀጥ። ሲርባት ቀሚሴን ትጎትታለች እንጂ አታለቅስም። እኔ ሞኟ "ጨዋ ልጅ አደረገችልኝ" ብዬ ደስ አለኝ። እንቅልፌን መለጠጥ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ወር ሲሞላት ክትባት ወሰድኳት። ነርሷ መርፌውን ሰካችባት።

ሚጢ አፏን ከፈተች። ፊቷ ደም መሰለ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ...

ድምፅ የለም።

ነርሷ ጆሮዋን ወደ ልጄ አፍ አስጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"የኔ እህት... የዚህች ልጅ ድምፅ የት ሄደ?"

 አድራሻውን አውቀው ነበር።

ሚጢን አዝዬ በቀጥታ ሞግዚቷ ቤት ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ያልኳችሁ ያኔ ነው። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"የልጄን ድምፅ ምን አደረግሽው?"

"ቀስ..." አለች በሹክሹክታ። "ትሰማሻለች።"

"ማን ናት የምትሰማኝ?"

በሩን መልሳ ልትዘጋው ገፋች።

ያኔ ከውስጠኛው ክፍል መጣ...

ለቅሶ።

እናት የሆነች ታውቀዋለች። ከሺህ ልጅ መሃል የራስሽን ትለያለሽ። ሳግ ሲይዛት ሁለት ጊዜ ቆረጥ የሚለው... የሚጢ ለቅሶ ነው!

ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት።

ልጄ ውስጥ ታለቅሳለች።

ሴትየዋን ገፍትሬ ገባሁ።

አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት ተኝታለች። ፀጉሯ ሳስቶ የራስ ቅሏ ይታያል። ጥርስ የላትም። አፏን በሰፊው ከፍታ በልጄ ድምፅ ታለቅሳለች።

"እናቴ ናት" አለች ሞግዚቷ ከኋላዬ። "ለሷስ ጠባቂ በስንት የሚገኝ ይመስልሻል? የቀረውን ክፍያ በልጆቻችሁ ለቅሶ ነው የምወስደው፤ እሱ ነው የሚያኖራት።"

አሮጊቷ አየችኝ።

ለቅሶዋን አቆመች። ቀጫጭን እጆቿን ወደ እኔ ዘርግታ ጣቶቿን ከፈት ዘጋ አደረገች... "እቀፊኝ" እንደሚል ሕፃን።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም።

ጡቶቼ ግትር ብለው ከበዱ። ቀሚሴ ደረቴ ላይ ሞቅ ብሎ ረጠበ...

ጀርባዬ ላይ ሚጢ ያለ ድምፅ ትንፈራገጣለች።

አሮጊቷ ዓይኗን ደረቴ ላይ ተከለች። ከንፈሯን ሞጥሞጥ አደረገችና... ባዶ አየር መጥባት ጀመረች።