ያልሰማኸውን አትጻፍ

ዌንደል ስትራውድ በራሱ ምድር ቤት ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ ቀርተው፣ ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ምድጃው አጠገብ ያለው ራዲዮ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ነገው የአየር ሁኔታ ያወራል።

ሁሉም ዊኒ የሚላት መርማሪ ዊኒፍሬድ ሆርቫት ስትደርስ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጥር ቅዳሜ ነው፤ ሐይቁ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ የፖርት ሌስሊ መንገዶችም እንደዚያው። ቤቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ምድጃውን ከከበቡት አምስት ወንበሮች መካከል እየተሽሎከለከች ነው ያደገችው። አምስተኛው ወንበር የአባቷ ነበር። አባቷ መስከረም ላይ ሞተ። ሐዘኑ ይመጣል ብላ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ አልመጣም፤ የጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው መንጋጋ ውስጧ ዝም አለ። አሁንም የአባቷን ጓደኛ ሬሳ ቁልቁል እያየች የተሰማት ነገር ቢኖር የእግሯ ብርድ ብቻ ነው።

«አዳልጦት ነው» አለ አለቃዋ ካፒቴን ፔል። «ሰውየው ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ገደል።»

«ሲወርድ ያዳለጠው ሰው በመቀመጫው ወይ በፊቱ ነው የሚወድቅ። ይሄ ወደ ኋላው ነው የሄደው። እየወጣ ነበር፣ ካፒቴን። ጫፍ ላይ የሆነ ሰው ቆሞ ጠብቆታል። ሸሚዙን ይዩት፤ ደረቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ። ዊኒ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የተቀረጸ እርሳስ፣ ከሥሩም የዌንደል የጨዋታ ካርድ ተቀምጧል።

የዚህን ካርድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማው የቤዝቦል ቡድን ጀልበኞቹ ይባላል፤ ዋንጫ ካነሣ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጨዋታ በሌለበት በብርዱ ወራት፣ የከተማው ራዲዮ ያንን የዋንጫ ጨዋታ በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይደግመዋል። የዌንደል ማኅበርተኞች በየቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ዱላ ይዞ የሚቆመው እያንዳንዱ መቺ ኳሱን ይምታ ወይ ከጨዋታ ይውጣ ካርዳቸው ላይ ሳጥን በሳጥን ይመዘግባሉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዌንደል ቤት ተሰብስበው ያመሳክራሉ፤ ከዚያ እስኪደክማቸው ማን ወርዋሪ ይሸጥ፣ ማን ይምጣ እያሉ ይነታረካሉ። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ በዊኒ አባት እጅ ተጽፋ ከምድጃው በላይ ተሰቅላለች፦ ያልሰማኸውን አትጻፍ። ስልክ ጠርቶብህም ሆነ እንቅልፍ ጥሎህ መቺ ካመለጠህ ሳጥኑን ባዶ ትተዋለህ። ባዶ ሳጥን ነውር አይደለም። ያልሰሙትን መጻፍ ግን ከማኅበር ያስወጣል።

የዌንደል ካርድ ስድስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለተኛው መቺ ከወጣ በኋላ ቆሟል።

ዊኒ ራዲዮ ጣቢያው ደወለች። ሁለተኛው መቺ የወጣው ልክ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ነበር።

«የሞተበት ሰዓት ይሄ ነው» አለች። «በሩ አልተሰበረም። ዌንደል ጨዋታ አቋርጦ ደረጃ የሚወጣው ደግሞ የሚያውቀው ድምፅ ሲጠራው ብቻ ነው። የጎኑን በር ሳያንኳኩ የሚገቡት ደግሞ ሦስቱ ማኅበርተኞቹ ናቸው።»

ሦስቱም ብቻቸውን ተቀምጠው ካርድ ሲሞሉ እንደነበር ተናግረዋል።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ ሩታን የደር ዘንድ ሄደች። ሩታን ጡረታ አልወጣ ያለች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ድምፅዋ ከአውቶቡሷ ጥሩንባ አያንስም። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን እንዳለ ነው።

«እኔን ነው የጠረጠርሽው? ንፍጥሽን እየጠረግሁ አስራ ሁለት ዓመት አመላልሼሽ!»

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው፣ አክስቴ ሩታን። ካርድሽን።»

«እንኪ! ስምንተኛው ዙር ላይ ያሉትን ሁለት ባዶዎች ግን በእኔ እንዳታሳብቢ። ጨዋታው ጦፎ ልቤ ልትወጣ ስትል፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? በሐይቁ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጧል፣ መንገድ ተዘግቷል! አራት ደቂቃ ሙሉ! ሲመለሱ ሁለት መቺ አልፎኛል። መኪናው እንደሆነ ተገልብጧል፣ አምልጦ አይሄድ፤ ዙሩ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ምን ነበር?»

ዊኒ ካርዱን አጠፈችው። «ዌንደል ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከማን ያልተጣላ በይኝ! ግራኙ ወርዋሪ አርጅቷል፣ ይሸጥና ወጣት ይምጣበት ይላል። ኦዴል ደግሞ ግራኙን የነካ ዓይኔን ነካኝ ባይ ነው። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ምድጃው ዳር ‹ያንን ልጅ የሚሸጥ ሰው አንገቱን ነው የምሰብረው› ብሎ ዛተ። እንዲያው ለወሬ እንጂ፣ ኦዴል ዝንብ አይገድልም።»

«ኤልዉድስ?»

«ኤልዉድ ድሮም ዝምተኛ ነው፤ አሁን ጭራሽ ተዘጋ። ወርዋሪው ልጁ ኬሌብ የጀልበኞቹ ዋና ቡድን ዝርዝር ውስጥ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ክንዱ ተጎድቷል ተብሎ ተሰናበተ አይደል? ከዚያ ወዲህ ምድጃው ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ነው።»

ኦዴል ብራንቮልድ ከዌንደል ሁለት ቤት አልፎ ይኖራል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በሐይቁ መርከቦች ላይ ወጥ ሲሠራ ነው። ዊኒ ስትገባ የተፈጨ ድንችና ዶሮ ወደ ትንሽ ሳህን እየገለበጠ ነበር። ካርዱን ሲሰጣት ቀና ብሎ አላያትም።

ካርዱ ስድስተኛው ዙር ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ባዶ ነው።

«አጎቴ ኦዴል፣ የዌንደልም እኮ እዚሁ ላይ ነው የቆመው።»

«እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ ሽማግሌው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «በዋንጫው ጨዋታ! ሩታን ብትሰማ ሙሉ ዓመት ታላግጥብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ይሄ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኘሁ፣ ካፒቴኑ ነገ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሊያስርህ ነው። ዛቻህን በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ካርዱንም ያያል።»

ኦዴል ሳህኑን ከደነው። «አልቀየማችሁም። ኤልሲን ግን ማን ያጎርሳታል?»

ሚስቱ ኤልሲ የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ስሙንም ረስታለች።

«ነርሶች አሉ» አለች ዊኒ።

«ሞክረዋል። አምና ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ፣ ሦስት ቀን አፏን አልከፈተችም። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ እጄን ግን ታውቀዋለች። እኔ ከታሰርኩ ትሞታለች፣ ዊኒ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ዊኒ ይህን ስትሰማ ልቧ መሰበር እንዳለበት አወቀች። አልተሰበረም። ማስታወሻዋ ላይ «አስራ አንድ ሰዓት» ብላ ጻፈችና ወጣች።

ኤልዉድ ቮይት ፀጉር አስተካካይ ነው። የአባቷን ፀጉር ለመጨረሻ ጊዜ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ያስተካከለው እሱ ነው፤ አልከፈል ብሎ። ሱቁ ተዘግቷል፤ እሱ ግን ነጭ ጋውኑን ለብሶ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ቅዳሜ እዚሁ ነበርኩ» አለ ሳትጠይቀው። «ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጨረሻው። ከወንበር የተነሣሁት የራዲዮውን ድምፅ ለመጨመር ብቻ ነው።»

ካርዱን ሰጣት። ፀጉር አቆራረጡን ይመስላል፤ ንጹሕ፣ የተስተካከለ፣ ከአንደኛው ዙር እስከ ዘጠነኛው አንድም የጎደለ ሳጥን የለበትም።

«ጥሩ ካርድ ነው» አለችው።

«አባትሽ ነው ያስተማረኝ። ይናፍቅሻል?»

«ምንም አይሰማኝም፣ አጎቴ ኤልዉድ። እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም።»

ኤልዉድ በመስተዋቱ ውስጥ አያት። «እኔም» አለ።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሦስቱን ካርዶች ጉልበቷ ላይ ደረደረች። ከዚያ ሁለት ቦታ ደወለች፤ አንዱ እንደገና ራዲዮ ጣቢያው ነበር።

ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ሦስቱም ዌንደል ምድር ቤት፣ በየወንበራቸው ተቀመጡ። ካፒቴን ፔል ሰዓቱን እያየ ደረጃው ላይ ቆመ። ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ዊኒ ቆማ መናገር ጀመረች።

«ዌንደል ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ይህን እርሳስ አስቀምጦ ወጣ። የገደለው ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጨዋታ ሲሰማ እንደነበር የሚመሰክርለት ካርድ። አጎቴ ኦዴል ግን ምን ይዞ መጣ? ስድስተኛው ዙር ላይ የቆመ ካርድ። ካፒቴን፣ ገዳይ ራሱን የሚያሳጣ ወረቀት በገዛ እጁ አያመጣም። ይሄ ካርድ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ተኝቶ ነበር።»

«በዋንጫው ጨዋታ?» አለች ሩታን።

«ይኸው!» አለ ኦዴል። «አላልኩም?»

«የአክስቴ ሩታን ካርድ ስምንተኛው ዙር ላይ ሁለት ባዶ ሳጥን አለው። ራዲዮ ጣቢያው አረጋግጦልኛል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ጀምሮ አራት ደቂቃ ስለተገለበጠው መኪና ተናግረዋል። ሁለቱ መቺዎች አልተላለፉም። ቅዳሜ ዕለት እነዚያን ሁለት መቺዎች በፖርት ሌስሊ አንድም ሰው አልሰማቸውም።»

የመጨረሻውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሩታን አንገቷን አስግጋ ስምንተኛውን ዙር አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሁለቱም ተሞልተዋል» አለች ዊኒ።

ኤልዉድ አልተንቀሳቀሰም። «ጨዋታውን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አክስቴ ሩታን ተኝታም ትወጣዋለች፤ ግን ባዶ ተወችው። አንተም እንደዚያው ነበርክ። ዌንደል የሁላችሁንም የድሮ ካርዶች አስቀምጧል፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። አምና ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ባዶ አለህ፤ ካቻምና ሁለት። ያመለጠህን አንድም ጊዜ ሞልተህ አታውቅም። ቅዳሜ ግን የመኪናው ዜና ሲነገር ራዲዮው አጠገብ አልነበርክም፤ ወይም ብትኖርም አልሰማኸውም። የቱ ሳጥን ባዶ መሆን እንዳለበት ስላላወቅክ፣ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ስታዲየም ገብተህ የሞላኸውን ካርድ አወጣህና ሁሉንም ገለበጥከው። ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አጎቴ ኤልዉድ።»

ምድጃው ይንጣጣል። ሩታን «አይደለም በላት» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንሶ። «ኤልዉድ፣ አይደለም በል እንጂ!»

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ ኤልዉድ። የሚናገረው የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። «ራዲዮውን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ሕዝቡ ሲጮህ ኬሌብን አሰብኩ። ለእሱ የሚጮሁለት በዚህ ዓመት ነበር። ክንዱ እንዳበጠ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ እኔና ዌንደል። ማን ለቡድኑ ነገረ? መጣሁና ከላይ ጠራሁት። ሲወጣ ጠየቅኩት። ‹ዙሩ ይለቅ፣ ኤልዉድ፤ ካርድ ስናመሳክር ሁሉንም እነግርሃለሁ› አለኝ። ዙሩ ይለቅ! የልጄ ሕይወት ጠፍቶ ዙሩ ይለቅ! ደረቱን ያዝኩት። ገፋሁት። ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። ሱቄ ተመለስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ እርሳስ ቀረጽኩ።»

ዊኒ የመጨረሻውን ነገር ባትናገረው ደስ ባላት። ግን ካልሰማው ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል።

«ትናንት ለኬሌብ ደውዬለት ነበር» አለች። «ስለ ክንዱ ለቡድኑ የነገራቸው ራሱ ነው። ሕመሙን ደብቄ መወርወር አልቻልኩም አለኝ። ላንተ መንገር ፈራ። ዌንደልን ‹አንተ ንገርልኝ› ብሎ ለመነው። ዌንደል ቅዳሜ ሊነግርህ ነበር፤ ካርድ ስታመሳክሩ።»

ኤልዉድ ቀና አለ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለችውን ጽሑፍ አየ። ከዚያ እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ።

«ካርዴን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ሁለቱን ሳጥኖች ላጥፋቸው።»

«ማስረጃ ነው፣ አጎቴ ኤልዉድ። አልችልም።»

«አውቃለሁ። ሁለቱን ብቻ። ሌላውን እንዳለ ተይው።»

ካፒቴኑ በትከሻው ደግፎ ሲያስነሣው እጁ አሁንም ወደ ካርዱ ተዘርግቶ ነበር። ኦዴል የጓደኛውን ኮት ከመስቀያው አንሥቶ አለበሰው፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ቆለፈለት።

«አስራ አንድ ሊሆን ነው» አለ ከዚያ ኦዴል፣ ወደ ዊኒ ዞሮ። «ኤልሲ ትጠብቀኛለች።»

ሳህኑን ከቤቱ ይዞ ሲወጣ በመኪናዋ ወሰደችው። መጦሪያው ውስጥ ኤልሲ መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ባሏን እንደ ባዕድ አየችው። ማንኪያው ሲቀርብ ግን አፏን ከፈተች። ዊኒ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳህኑ ሲጋመስ ኦዴል ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው እህል የቀመስሽው?»

መልስ ሳይጠብቅ ከኪሱ ሌላ ማንኪያ አውጥቶ አጎረሳት።

«ጨው በዝቶበታል» አለች ዊኒ።

«አባትሽም ሁልጊዜ እንደዚያ ይለኝ ነበር። ሳህኑን ግን ልሶ ነው የሚመልሰው።»

ዊኒ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ኤልሲ እጇን ዘርግታ፣ ማን እንደሆነች ሳታውቅ፣ በራሷ መሐረብ ጉንጯን ጠረገችላት።