ሶኬቱ ተነቅሎ የዞረው ፋን

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ ስስቅበት ነው የኖርኩት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ይኸው ስንት ዓመቴ፣ መብራት ካለ ይሠራል፣ ከሌለ አይሠራም፣ ሌላ ምስጢር የለውም እል ነበር።

አንድ ቀን በቀትር፣ ያ የኛ ቆላ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ከከተማው ወጣ ብለው ማሾ የሚያርሱ ሰው የልጃቸውን ኮምፒውተር በፎጣ ጠቅልለው በባጃጅ ይዘው መጡ፣ ልጅቷ ዘይነባ እዚሁ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራ ነበር፣ ሳንባዋን ታማ ከሞተች ሦስት ወሯ ነው፣ ፎቶዎቿ ያሉት እሱ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሲከፍቱት ደግሞ ወዲያው ድርግም ይላል አሉኝ።

ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ፣ ያ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሣጥን ማለቴ ነው፣ ፈትቼ አወጣሁና ለብቻው ሰካሁት፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ ባገናኘው ማቀዝቀዣ ፋኑ ዞረ፣ በቴስተር ስለካው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ልክ ነው፣ ግን መዞሩ ብቻ አያሳምንም፣ ሸክም ሲበዛበት ይከዳ እንደሆነ ለማየት የመኪና አምፖል አሰርኩበትና ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ያኔ መብራት ሄደ፣ የጎረቤት ወፍጮ ዝም አለ፣ አምፖሉም ጠፋ፣ ፋኑ ግን፣ እመኑኝ፣ አልቆመም፣ ጉልበቱን እስኪጨርስ ነው ብዬ ነበር፣ ደቂቃዎች አለፉ፣ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ቁራጭ ሽቦዋንም አወጣሁ፣ ይዞራል፣ ደግሞ አዟዟሩ የፋን አይደለም፣ ሲር ብሎ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፣ ሊቆም ሲል እንደገና ይጀምራል፣ ቴስተሩን ባስነካው ዜሮ።

ቀና ስል ጋሼ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ።

«አተነፋፈሷ ነው» አሉኝ በቀስታ።

ሐኪም ቤት ተኝታ እንዲህ ስትተነፍስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ሊፈልጉ ወጡ፣ ሲመለሱ ፊቷ ተሸፍኖ ጠበቃቸው፣ ሳይሰናበቷት ቀሩ። ይህን ነግረውኝ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ሣጥኑ ላይ ጫኑ።

«ዘይነባ፣ ይብቃሽ ልጄ፣ እረፊ።»

ቆመ።

መብራት ሲመጣ ብሞክረው እምቢ አለ፣ ከፍቼ ባየው ፊውዙ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ መቼ እንደተቃጠለ አላውቅም፣ ሣጥኑን በሌላ ተክቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩላቸው፣ ፎቶዎቿም ነበሩ፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከተፈታው ሣጥን ላይ አላነሱም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እረፊ ባልላት ኖሮ እስካሁን ትተነፍስ ነበር?»

ዛሬም መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ ያ ትንፋሽ ቢሰማኝ ምን እንደምል ግን አላውቅም።