ጋቢ የለበሰው ካሚዮን

በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን ፈረስ ያለው አርበኛ ጎጃም ውስጥ ሞልቶ ነበር። ካሚዮን ያለው አርበኛ ግን ከየት ይመጣል? የፊታውራሪ አስማማው ጦር አንድ ነበረው። ያመጣው አካለ ወልድ ነው። አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ላይ ለጣሊያን ሾፌሮች ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ፣ መኪና ሲያጥብ፣ ሲላላክ ቆይቶ መንዳቱን ተማረ። አንድ ቀን አንዱ ሾፌር ጠጅ ቤት ገብቶ ሲዝናና ካሚዮኑን ከነቤንዚን በርሜሉ ይዞት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በየመንደሩ ተጠራ። እሱም ስሙ ሲጠራ መስማት ወደደ፤ ስለ ካሚዮኑ ሳይወራ የዋለ ቀን ምሳው አይወርድለትም ነበር።

ካሚዮኑ መንገድ አይመርጥም። በበጋ በታጨደው የጤፍ ማሳ፣ በግጦሹ ሜዳ፣ በበቅሎው መንገድ ሁሉ እየተንገጫገጨ እህልና ቁስለኛ ያመላልሳል። አይሮፕላን ሲመጣ የጥድ ቅርንጫፍ ይለብስና ይደበቃል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይግላል፤ ካልተጠነቀቁለትም ፈልቶ ይቆማል። ይህን የሚያውቀው አካለ ወልድ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያውቀውም አልፈለገም።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በካሚዮኑ አፍንጫ ላይ ጋቢውን ይዘረጋና ከሥሩ ይገባል። እዚያ ውስጥ የሚሠራው ተአምር አልነበረም። ኮፈኑን ይከፍታል፤ የሞተሩ ማብረጃ ውሃ የሚቀመጥበትን ራዲያተር ያያል፤ የጎደለውን በቅል ይሞላል፤ የራዲያተሩ ፊት ላይ የተሰገሰገውን ገለባና ጭቃ ይጠርጋል። ሥራው ይኸው ነው። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት ግን፣ «ዐይን እንዳይበላው ነው» ይላል።

ማን ይጠራጠረዋል? ፊታውራሪም ጠጅ ሲጠጡ አሽከር ሸማ ይጋርድላቸዋል። ትልቅ ነገር ከዐይን ይጋረዳል፤ ካሚዮን ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም በዚህ አምኖ ዞር ይልለት ነበር።

ይህን ሁሉ ድብብቆሽ ያመጣው እንዳላማው የሚባል ጎልማሳ ነው። እንዳላማው ፈረሰኛ ነው፤ ፉከራው የፈሪ ልብ ያሞቃል፤ ቁመናው ያምራል፤ በዚያ ላይ ሰው አክባሪ ነው። አካለ ወልድ ቢችል አንድ ነውር ፈልጎ ባገኘበት ደስ ይለው ነበር። ይባስ ብሎ እንዳላማው መንዳት አማረው። አጠገቡ እየተቀመጠ እጁንና እግሩን ሲያይ ሰነበተ። መሪና ማርሽ በጋቢ አይሸፈንም! አንድ ቀን ፊታውራሪን አስፈቅዶ ካሚዮኑን ሜዳው ላይ አዙሮ መለሰው። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። አካለ ወልድ ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አረረ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ከእልልታው መካከል የሚስቱን የየብርጓልን ድምፅ መለየቱ ነው።

«አንቺ ደግሞ ከሁሉ ጎልተሽ እልል አልሽለት» አላት ወደ ጎጇቸው ሲመለሱ።

«ደስ ያለኝን ልዋጠው? ይልቅ ከጋቢው ሥር የምትሠራውን አሳየው። ብትታመም ማን ይነዳዋል?»

«አልታመምም።»

«ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ፈረሱ የእሱ፣ ፉከራው የእሱ፣ እልልታው የእሱ! ካሚዮኑንም ልስጠው? ከዚያ በኋላ እኔን ማን በስሜ ይጠራኛል?»

«እኔ እጠራሃለሁ» አለችው።

አልበቃውም። ወገኖቼ፣ ቅናት የያዘው ሰው እንዲህ ነው። እሱን የሚወዱትን አያይም፤ ሌላውን የሚወዱትን ሲቆጥር ይውላል።

ከጥምቀት በኋላ አካለ ወልድ ጥይት ሊቀበል ዓባይ በረሃ ወረደ፤ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቃዣል። በዚያው ሰሞን የጣሊያን አይሮፕላን በማለዳ መጥቶ መንደሩን ደበደበው። የተናደ ካብ የየብርጓልን ጭን ሰበረው፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ፊታውራሪ ቁስለኛው ሁሉ ዲማ ወዳሉት ወጌሻ ቶሎ እንዲወሰድ አዘዙ። በቃሬዛ እንዳይሄዱ ሸካሚ አልበቃም፤ ጦሩ ወደ ሌላ ግንባር እየተንቀሳቀሰ ነበር። አካለ ወልድ ራሱ፣ ንዳዱ አእምሮውን አስቶት፣ ከቁስለኞቹ ጋር ካሚዮኑ ላይ ተጫነ። መሪውን እንዳላማው ያዘ።

ሰፈር የቀረው ሴቱ፣ ሕፃኑና ሽማግሌው ሁሉ ሊሸኝ ወጥቶ ካሚዮኑን ከበበው። እንዳላማው ይህን አይቶ ሰጋ።

«ይህ ሁሉ ዐይን እያየው ዳገት አይወጣም» አለና የአካለ ወልድን ጋቢ ወስዶ፣ አጥፎ፣ በካሚዮኑ አፍንጫ ላይ በጠፍር ግጥም አድርጎ አሰረው። ውሃ የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። ማን ነግሮት?

ነፋስ ሊገባበት የሚገባው ራዲያተር ታፈነ። ውሃውም ጎድሎ ነበር። እንዳላማው ቁስለኞቹን ለማድረስ ቸኩሎ ሞተሩን አስጮኸው። የዲማ ዳገት ሳይጋመስ ካሚዮኑ ያፏጭ ጀመር፤ እንፋሎት ከጋቢው ዙሪያ ተትጎለጎለ፤ ከዚያም ተንገራግጮ ቆመ።

«ያልተማርኸውን ማን ንካ አለህ?» ብሎ ጮኸ፣ ለጥበቃ አብሮ የመጣው ታረቀኝ። «እነዚህን ሰዎች ገደልሃቸው እኮ!»

አካለ ወልድ በጩኸቱ ነቃ። ቀና ብሎ ሲያይ ካሚዮኑ ጋቢውን ለብሶ ይጨሳል፤ እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ ይሰደባል። እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። እሰይ! አለ በልቡ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ከዛሬ ወዲያ ለዚህ ሰው እልል የሚል አይኖርም።

ያን ጊዜ አጠገቡ የተኛችው የብርጓል ነጠላዋን ነክሳ ስታቃስት ሰማ። እንዳላማውም የምንጭ ውሃ በቅል ይዞ፣ የጋለው ሞተር ላይ ሊያፈስ ሲሮጥ አየ።

«ተው! ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ብረቱ ይሰነጠቃል!» አለ ባለ በሌለ ድምፁ። «የውሃውን ክዳንም እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጥሃል። ጋቢውን ፍታና ኮፈኑን ክፈተው። ነፋስ ይግባበት፤ ራሱ ይብረድ።»

እንዳላማው ጠፍሩን ፈታው።

«አያ አካለ፣ እርስዎ የሚያደርጉትን ነው ያደረግሁት። ዐይን እንዳይበላው ብዬ…»

«የምን ዐይን? ዋሽቼህ ነው። ከጋቢው ሥር ውሃ ነበር የምሞላው። እንዳታውቅብኝ ሸፈንሁት። ቀንቼብህ ነው። ታረቀኝ፣ እሱን ተወው፤ የምትሰድበው ሰው ይኸውልህ።»

የብርጓል ባሏን ቀና ብላ አየችው።

ብረት ሲግል እንጂ ሲበርድ አይቸኩልም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ አለፈች። የብርጓል ጭን አበጠ፣ ጠቆረ። ሞተሩ በእጅ የሚነካ ሲሆን አካለ ወልድ ተደግፎ ወረደና ክዳኑን በጨርቅ አስከፈተ፤ ውሃውን በቀስታ አስሞላ። ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ፣ እያሳረፉ፣ ቀስ ብለው ዳገቱን ወጡ።

ወጌሻው ጭኗን ዳስሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠዋት ብትደርሱልኝ እመልሰው ነበር። አሁን ዕብጠቱ እስኪጎድል አጥንቱ አይጠብቀኝም፤ ተደራርቦ ይገጥማል። በሕይወት ትኖራለች፤ እግሯ ግን አጥሮ ይቀራል» አሉ።

አጥሮም ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ ዕውቀትህን ሸሽገህ የምትከበር ይመስልህ ይሆናል። የሸሸግኸው ነገር ግን አንተ በሌለህበት ቀን ይፈለጋል፤ ያን ቀን የሚጎዳው ደግሞ የቀናህበት ሰው ላይሆን ይችላል። መኪና የያዝህ እንደሆነ ሳይሞቅ ውሃውን እይ፣ ፊቱን ጥረግ፣ ነፋስ አትከልክለው፣ ዳገት ላይ አታስጨንቀው። ይህን ካወቅህ ደግሞ አጠገብህ ላለው ንገረው።

አካለ ወልድ ከንዳዱ ሲያገግም ፊታውራሪ ካሚዮኑን ለእንዳላማው ሰጡት። አካለ ወልድም ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንዳላማውንና ማየት የፈለገውን ሁሉ ሰብስቦ፣ የውሃውን ልክና የክዳኑን አከፋፈት ጮክ ብሎ አስተማረ። ሲጨርስ ካሚዮኑ በእልልታ ተሸኘ። እሱ ቆሞ አየው።

የብርጓል ምርኩዟን ይዛ እያነከሰች መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«አሁንስ አልቀናህም?»

«ቀንቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስተማርኸው?»

ወደ እግሯ ማየት አቃተው።

«ቅናቴን እኔው ልቻለው» አላት። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው እግሩን አይክፈልበት።»