የተሰፋው ፖስታ

አስረስ ፖስታዋን ለሚኒባስ ሹፌሩ ለሙሀይሚን እንደሰጠው ኢቲሳም የሰማችው መኪናው ከሐይቅ ከተማ ከወጣ በኋላ ነው።

«የደሴ ተረኛ እሱ ነበራ» አላት። አስረስ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ጥንቃቄም የለበትም። «የደሴ ሆስፒታል ነገ ከመሄድሽ በፊት የሕክምና ታሪክሽን ላኩ ብሎናል። ምን ችግር አለው?»

«አሽገኸዋል?»

«ማስቲሹ መች ተረፈልን?»

እውነቱን ነው። ክሊኒኩ በጦርነቱ እስከ መጋረጃው ተዘርፎ፣ እንደገና ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም። የበሽተኛ ወረቀት እንደ በርበሬ ሁሉ በሹፌር እጅ ይላካል። ማንም ነውር ብሎት አያውቅም፤ ኢቲሳምም እስከዚያች ሰኞ ድረስ አላሰበችበትም።

የሷ ወረቀት የያዘው ግን ለእናቷ እንኳን ያልነገረችውን ነው። ጅዳ ለመኖሪያ ፈቃድ ደሟን ሲመረምሩ የጉበት ቫይረስ አገኙና ሸኟት። ቤተሰቧ ናፍቆት የመለሳት ይመስለዋል። የተመለሰች ቀን ከደሴ ያመጣት ሙሀይሚን ነበር፤ ከጀርባው ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ሲተያዩ መጡ። ይኸው ስምንት ወር ሆናቸው። አርብ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ቢያነበውስ?

ስልኩ ዝግ ነው። ቤት ገባች፣ ወጣች። ሐይቁ ዳር ወርዳ ሳትቀመጥ ተመለሰች። ሽሮው አረረባት። ያንገበገባት ማወቁ አልነበረም፤ ከሷ አፍ ሳይሰማ ማወቁ ነው። ለመንገር ቃል እየመረጠች ስንት ጁምዓ አሳልፋለች።

አስር ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ቆማ ጠበቀችው። ተሳፋሪውን አውርዶ መጣ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም።

«አነበብከው?»

ቁራጭ ወረቀት ሰጣት። የሆስፒታሉ ማህተም አለበት፤ «ፖስታው አፉ እንደተሰፋ ደርሶናል» ይላል።

«ወላሂ፣ ስምሽን ሳይ እጄ ሊገባ ነበር» አለ። «ከከተማው ሳልወጣ እህል ነጋዴው ሐሰን ሱቁ በር ላይ ጆንያ ሲሰፋ አየሁት። መርፌውን ተቀብዬ ፖስታሽን ሰፋሁት። ስልኬንም የዘጋሁት ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ኢቲሳም ወረቀቱን አጣጠፈችው። አሁን ብትፈልግ መደበቅ ትችላለች። ከቀኑ ጭንቀት ሁሉ ይሄኛው ባሰባት።

«እኔው ልንገርህ» አለች። ጅዳን፣ ደሙን፣ ውሸቷን ነገረችው። «ለትዳር ጓደኛ ክትባት አለ። መጀመሪያ ትመረመራለህ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ትወጋለህ።»

ሙሀይሚን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ሰው ሲጨነቅ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ማለት ልማዱ ነበር፤ ዛሬ አላላትም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ማክሰኞ በሌላ መኪና ደሴ ደርሳ መጣች። ረቡዕም አልደወለም። አልቋል ብላ አለቀሰች፤ በመናገሯ ግን አልተጸጸተችም።

ሐሙስ ጠዋት መድኃኒቷን ልትወስድ ክሊኒክ ስትገባ ሙሀይሚን አግዳሚው ላይ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል።

አስረስ ሰው ሁሉ እየሰማ «ምንህን አሞህ ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ለሐኪሙ ነው የምናገረው።»

ኢቲሳምን ሲያይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ» አላት በቀስታ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ያንቺን ጉዳይ ከማን ጋር ልማከርበት? ለብቻ ሲያስቡት ጊዜ ይፈጃል።»